የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ፦ በማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከየት ይመጣል? ጉዳቱስ ምንድን ነው?

በድሬዳዋ አንድ ማንቆርቆሪያ አዲስ መስሎ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ታቹ በነጭ ቅርፊት መሸፈን ይጀምራል፤ ወራት ሲያልፉ ቅርፊቱ ወደ ቡናማ ያደላና በማንኪያ ሲነካ እየተሰበረ የሚነሳ ስስ ድንጋይ ይሆናል። የሻወር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ። ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ ጉም የለበሰ ይመስላል። በሳቢያንም ሆነ በከዚራ፣ በመጋላም ሆነ በለገሀሬ የሚኖር ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፦ «ካልሲየም»።

መልሱ ትክክል ነው። ከመልሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ስጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገር ነገር በኩላሊትም ውስጥ መጋገሩ አይቀርም ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት አይደለም። በዚህ ስጋት የተነሳ የቧንቧ ውሃውን ለእጥበት ብቻ ትቶ ለመጠጥ የታሸገ ውሃ የሚገዛ ቤተሰብ አለ፤ መግዛት የማይችለው ደግሞ እየፈራ ይጠጣል። ሳይንሱ የሚለው ነጩ ቅርፊት የሚጎዳው በዋናነት ኪስን እንጂ ጤናን አይደለም ነው። ለጤና የሚያሰጋው ነገር በውሃው ውስጥ ካለ፣ በማንቆርቆሪያ ላይ ምልክት የሚተው ዓይነት አይደለም።

ከኖራ ድንጋይ እስከ ቧንቧ

ድሬዳዋ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.አ.አ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርስ በነሐሴ 2006 እ.አ.አ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው አደጋ አሳይቷል። ስለዚህ ከተማዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። ከውሃ ምንጮቿ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው የሳቢያን ጉድጓዶች ናቸው።

ወደ እነዚህ ጉድጓዶች የሚደርሰው ውሃ መነሻው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር በሚወጣው ዳገትና ከዚያ ባሻገር ባለው ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው። የዝናብ ውሃ ሲወርድ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ግን ሥሮችና ረቂቅ ሕዋሳት የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ደካማ አሲድ በአካባቢው ሰፊ ቦታ የያዘውን የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ድንጋዩም ወደ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ተለውጦ፣ በዓይን ሳይታይ፣ ከውሃው ጋር ወደ ጉድጓዶቹ ይጓዛል።

ይህ ሂደት በአካባቢው ሌሎች አሻራዎችም አሉት። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውና የጥንት ሰው መገልገያዎች የተገኙበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያለው በዚሁ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1930ዎቹ እ.አ.አ በድሬዳዋ ሲተከልም ጥሬ እቃው በቅርብ የሚገኝ ስለነበር ነው። በማንቆርቆሪያው ታች የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይና የዋሻው ግድግዳ በኬሚስትሪ ዓይን አንድ ናቸው፦ ካልሲየም ካርቦኔት።

ድንጋዩ ተመልሶ ድንጋይ የሚሆነው እሳት ሲያገኝ ነው። ውሃው ሲሞቅ የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ካልሲየሙን አሟሙቶ የያዘው ኃይል ይጠፋና ካልሲየም ካርቦኔቱ በሞቀው ገጽ ላይ ይለጠፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ጆግ ላይ ቅርፊቱ ሳይታይ በማንቆርቆሪያው ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህል ጠጣር?

በኬሚስትሪ እንዲህ ያለው ውሃ «ጠጣር ውሃ» ይባላል። ስያሜው ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ ውሃው ከሌላው ውሃ አይወፍርም። ጠጣርነቱ የሚለካው በውስጡ በሟሙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲሆን፣ መጠኑ በአንድ ሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት እንደሚሆን ተሰልቶ ይገለጻል። በተለመደው ምደባ መሠረት ከ60 በታች ለስላሳ፣ ከ120 በላይ ጠጣር፣ ከ180 በላይ ደግሞ በጣም ጠጣር ነው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ከ300 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የድሬዳዋ ጉድጓዶች ውሃ የሚወድቀው «በጣም ጠጣር» በሚባለው እርከን ውስጥ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የተዛወረ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው የልብስ አጠባ ቀን ይረዳዋል። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች የሚሰበስቡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የዘነበ ውሃ በመሆኑ ለስላሳ ነው። በመቀሌ የሚኖር ሰው ግን የድሬዳዋውን ችግር ያውቀዋል። የዓይናለም ጉድጓዶች የሚገኙትም በኖራ ድንጋይ አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ የአካባቢው ዓለቶች ጀሶ ስላለባቸው ከጠጣርነቱ የተወሰነው የሚመጣው ከካልሲየም ሰልፌት ነው። ይህኛው በማፍላት አይወገድም። የኬሚስትሪ መጻሕፍት በማፍላት የሚወገደውን ጊዜያዊ፣ የማይወገደውን ቋሚ ጠጣርነት ይሉታል።

ሳሙናና ከሰል የሚበላ ውሃ

በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ተጎጂ ሳሙና ነው። ሳሙና አረፋ ከማውጣቱ በፊት በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይያያዝና የማይሟሟ፣ ግራጫና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። ካልሲየሙ ተያይዞ እስኪያልቅ ድረስ የሚፈጀው ሳሙና ምንም ቆሻሻ አያነሳም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ጠጣርነቱ በሊትር 300 ሚሊግራም የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር 1.8 ግራም ያህል ሳሙና ያባክናል። በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲባዛ ወደ 36 ግራም ይጠጋል፤ ይህም ከአንድ ባለ 200 ግራም የልብስ ሳሙና አንድ አምስተኛ ሊሆን ጥቂት የሚቀረው ነው። ልብስ ሁለትና ሦስት ውሃ እየተቀየረለት ለሚታጠብበት፣ ልጆች ለበዙበት ቤት ይህ ትንሽ ወጪ አይደለም። ዝቃጩ ደግሞ ከውሃው ጋር ሙሉ በሙሉ አይሄድም። በጨርቁ ክሮች መካከል ይቀራል፤ ነጭ ነጠላን ቀስ በቀስ ያደበዝዛል፣ ፎጣን ያደርቃል፣ በፀጉር ላይም ተልባ እንደነካው ዓይነት ስሜት ይተዋል። የዱቄት ሳሙናዎች በጠጣር ውሃ የተሻለ የሚሠሩት ከካልሲየም ጋር ተያይዞ በቀላሉ የማይዘቅጥ ሰው ሠራሽ ማጽጃና ውሃውን የሚያለሰልስ ሶዳ ስላለባቸው ነው።

ሁለተኛው ወጪ ማገዶና መብራት ነው። የኖራ ቅርፊት ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። በማንቆርቆሪያ ታች የተጋገረው ንጣፍ በከሰሉና በውሃው መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይቆማል። በኤሌክትሪክ የሻወር ማሞቂያ ውስጥ ያለው ችግር የከፋ የሚሆነው ስለማይታይ ነው። በቀን 100 ሊትር ውሃ በሚያሞቅ ቤት፣ በሊትር 300 ሚሊግራም ሂሳብ፣ በዓመት ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የሟሟ ድንጋይ በማሞቂያው ውስጥ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ብቻ እንኳ ቢቀር ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ነው። ቅርፊቱ የሚለጠፈው በዋናነት ኤሌክትሪሺያኖች «ሬዚስታንስ» በሚሉት ማሞቂያ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ሙቀቱን ወደ ውሃው ማስተላለፍ ሲያቅተው ራሱን ከልክ በላይ ያግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ የሚወቀሰው ሻጩ ቢሆንም፣ ጥፋቱ የውሃው የሆነበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ማድ ቤትም የራሱ ድርሻ አለው። ባቄላና ሽምብራ በጠጣር ውሃ ሲቀቀሉ አልበስል ይላሉ፤ ካልሲየም የጥራጥሬውን ሕዋሳት አያይዞ የሚይዘውን ፔክቲን ያጠነክረዋልና። የንፍሮ ድስት ረዘም ላለ ሰዓት በእሳት ላይ ይቆያል። በሻይ ላይ ስስ ቅባት መሳይ ሽፋን ይንሳፈፋል። የሐረር ቡና የሚታወቅበት ፍራፍሬ ቀመስ ቃናም ይደበዝዛል፤ ባይካርቦኔቱ የቡናውን አሲድ ስለሚያከሽፈው ነው። ምርጡ ቡና ከሚበቅልበት ደጋ ሥር ያለች ከተማ ቡናውን ለማፍላት የማይመች ውሃ የደረሳት መሆኑ የሚያስቆጭ ነው።

የኩላሊት ጠጠር ጥያቄ

በብዙዎች አእምሮ ውስጥ ያለው ሥዕል ቀላል ነው፦ ውሃው ድንጋይ አለበት፣ ድንጋዩ በኩላሊት ይቀመጣል። ሰውነት ግን ማንቆርቆሪያ አይደለም። ቅርፊቱን የሚፈጥረው ሙቀት ሲሆን በኩላሊት ውስጥ ውሃ አይፈላም። አብዛኞቹ የኩላሊት ጠጠሮችም ከካልሲየም ኦክሳሌት የሚሠሩ እንጂ እንደ ማንቆርቆሪያው ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት አይደሉም።

መጠኑም ሊታሰብበት ይገባል። በሊትር 300 ሚሊግራም ጠጣርነት ያለው ውሃ፣ ጠጣርነቱ ሁሉ ከካልሲየም ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ሊትር የሚይዘው ካልሲየም 120 ሚሊግራም ነው። ሁለት ሊትር የጠጣ ሰው 240 ሚሊግራም ያገኛል፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ከዚህ የሚበልጥ አለው። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይዞ ስለሚያስወጣ፣ ካልሲየምን መሸሽ አንዳንድ ጊዜ ለጠጠር የሚያጋልጥ እንጂ የሚከላከል አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጠጣርነት ጤናን መሠረት ያደረገ ወሰን ያላስቀመጠውም ጎጂነቱን የሚያሳይ በቂ መረጃ ባለመኖሩ ነው።

በአንጻሩ በሞቃት አካባቢ ለጠጠር ከሚያጋልጡ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ውሃ አለመጠጣት ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ የሚወጣው ሰው ሽንቱ ይወፍራል፤ በወፈረ ሽንት ውስጥ ጠጠር በቀላሉ ይፈጠራል። «ካልሲየም አለው» ብሎ የቧንቧ ውሃ የሚቀንስና ሌላ የሚጠጣ ያላገኘ ሰው የሚሸሸውን አደጋ ወደ ራሱ ያቀርባል። ቀድሞ ጠጠር ወጥቶለት ወይም ታክሞ የሚያውቅ ሰው ግን ምን ያህልና ምን ዓይነት ውሃ እንደሚጠጣ ከሐኪሙ ጋር ቢመክር ይበጃል።

ስለ ቆዳም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። ጠጣር ውሃና የሳሙና ዝቃጭ ቆዳን እንደሚያደርቁ ብዙዎች ይናገራሉ። በእንግሊዝ የቆዳ አስቆጣ ሕመም ባለባቸው 336 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2011 እ.አ.አ ውጤቱ የታተመ ሙከራ ግን፣ በቤታቸው የውሃ ማለስለሻ የተተከለላቸው ልጆች ካልተተከለላቸው የተሻለ ለውጥ እንዳላሳዩ አረጋግጧል።

ምልክት የማይተወው

የድሬዳዋ ውሃ አሳሳቢ ገጽታ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ከተማዋ የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር ስለሌላት አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ነው። የመሬቱ የላይኛው ክፍል በጎርፍ የመጣ አሸዋና ጠጠር ሲሆን ከሥሩ ያለው ድንጋይ ስንጥቆች አሉት። ሁለቱም ከላይ የፈሰሰውን በቀላሉ ወደ ታች ያሳልፋሉ። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በቤቶች መካከል ከሚገኙ ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊግራም ወሰን እንደሚያልፍ አሳይተዋል።

ናይትሬት ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በማንቆርቆሪያ ላይም አይጋገርም። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው በጣሳ ወተት የሚያድጉ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ያደርጋል፣ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል። በዚህ ረገድ ማፍላት መፍትሔ አይደለም። ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ስለሚቀር መጠኑ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚመጣና መቼ እንደተመረመረ መጠየቅ፣ በሬዚስታንስ ላይ ያለውን ቅርፊት ከመመልከት ይልቅ ብዙ ይጠቅማል።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውሃቸው ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል፣ ማንቆርቆሪያውም ንጹሕ ይሆናል። ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ግን ፍሎራይድ እንደ ልቡ ይሟሟል። ከሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ የሆነ ፍሎራይድ ለዓመታት የጠጡ ሰዎች የሚያሳዩት የበለዘ ጥርስ በአካባቢው የተለመደ ነው፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ደግሞ አጥንትን የሚያጎብጥ ጉዳት ተመዝግቧል። ድሬዳዋን የሚያስመርረው ካልሲየም ፍሎራይድን ይዞ የሚያዘቅጥ ማዕድን ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ርካሹ መንገድ አቼቶ ወይም ሎሚ ነው። እኩል መጠን ባለው ውሃ የተበረዘ አቼቶ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ሞቅ ተደርጎ ለአንድ ሰዓት ሲተው ቅርፊቱ እየፈላ ይለቃል፤ የሚታየው አረፋ ድንጋዩ ሲሟሟ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የአልሙኒየም ዕቃ ከሆነ ረጅም ጊዜ መተው አይመከርም። የሸክላ ጀበና ሽታ ስለሚመጥ ከአቼቶ ይልቅ ሎሚ ይሻለዋል። የሻወር ወንፊት ተፈትቶ አንድ ሌሊት ቢዘፈዘፍ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን መዘንጋት የለበትም፦ አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል።

የሻወር ማሞቂያን ሙቀት ከመጨረሻው ቁጥር ዝቅ አድርጎ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ማስተካከል ቅርፊቱን ይቀንሳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ከፍቶ እንዲያጸዳው ማድረግም ሬዚስታንሱን ያቆየዋል። ለሻይና ለጥራጥሬ የሚሆን ውሃ ቀድሞ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞና ዘቅጦ ከላይ ቢቀዳ ከጠጣርነቱ ብዙው ይወርዳል።

በገበያ ላይ ያሉ ማጣሪያዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። የሸክላና የከሰል ፊልተሮች ጭቃን፣ ጀርምን ወይም ሽታን ሊቀንሱ ይችላሉ እንጂ ካልሲየምን አያስቀሩም፤ «ካልሲየም ያወጣል» ተብሎ የሚሸጥ የከሰል ፊልተር ገንዘብ ማባከኛ ነው። በጨው የሚሠሩ ማለስለሻዎች ካልሲየሙን በሶዲየም ይተኩታል። ለማሞቂያና ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ይበጃሉ፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው መጠጥ ግን ተመራጭ አይደሉም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው መሣሪያ ካልሲየምንም ናይትሬትንም ያስቀራል። ችግሩ ዋጋውና ለእያንዳንዱ ንጹሕ ሊትር ሌላ ውሃ የሚደፋ መሆኑ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ሮቶ ተሞልቶ በሚጠበቅበት ሰፈር ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ውሃውን ከምንጩ ማለስለስስ?

በከተማ ደረጃ ውሃን የማለስለስ ዘዴ አዲስ አይደለም። የተቃጠለ ኖራ በውሃው ላይ ሲጨመር የሟሟው ካልሲየም ይዘቅጣል፤ ኖራን በኖራ ማውጣት ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ክላርክ ዘዴውን በ1841 እ.አ.አ በፓተንት አስመዝግቦታል። ግን ትልቅ ማጣሪያ ጣቢያ፣ የማያቋርጥ የኖራ አቅርቦትና የሚወጣውን ዝቃጭ መጣያ ቦታ ይፈልጋል። ከጉድጓድ ወጥቶ በክሎሪን ብቻ ታክሞ የሚሰራጭ ውሃ ያላቸው ከተሞች ወደዚያ ለመሄድ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፤ ውሃው በየቀኑ ለሁሉም ባልዳረሰበት ሁኔታ ደግሞ ቅድሚያው ሌላ ነው። መሐንዲሶች ሙሉ በሙሉ የለሰለሰ ውሃንም አይወዱትም። በቧንቧ ውስጥ የሚለጠፈው ስስ የካልሲየም ሽፋን ብረቱ እንዳይዝግ ይጠብቀዋል።

እስከዚያው የድሬዳዋ ውሃ ሌሎችንም ማዳረሱን ቀጥሏል። የሀረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.አ.አ ሲደርቅ ሐረር ዋና የውሃ ምንጯን አጣች። ከዚያ በኋላ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች እስከ ሐረር የቧንቧ መስመር ተዘረጋ። ውሃው በኃይለኛ ፓምፖች ዳገቱን ይወጣል፤ ከዚያው ደጋ ዝናብ ጋር የወረደውን ካልሲየምም መልሶ ይዞ ይወጣል።